ወንድም ብሩክ ብዕር አይዝም

ሰው የሚቀናበት ነገር ብዙ ነው። በመኪና የሚቀና አለ፣ በቤት የሚቀና አለ፣ በጎረቤት ልጅ ውጤት የሚቀና አለ። እኔ የቀናሁት አንድ ሰው ብዕር ባለመያዙ ነው። ሰውየው ብዕር አይዝም፤ እኔ ደግሞ በዚህ የተነሳ ምግብ አልበላ አለኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሻይ ያላችሁ ሻያችሁን እየጠጣችሁ ስሙኝ፣ እኔ ግን ከዚህ ነገር ወዲህ ሻይ ብዙም አይስማማኝም።

እኔና ባለቤቴ አስቴር የምንኖረው በዐረብ ሀገር፣ አል ኹበር አል-ጀኑቢያ፣ ከአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። እሷ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት። እኔ ደማም፣ የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ፣ የመታጠቢያና የመጸዳጃ ቤት ዕቃ በሚያከፋፍል መጋዘን ገቢና ወጪ ዕቃ እመዘግባለሁ። ሀገር ቤት ግን መምህር ነበርኩ። ሆሳዕና ላይ ለአሥራ አንድ ዓመት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው።

የአስቴር ሥራ በፈረቃ ነው። እኔ ስገባ ትወጣለች፣ እኔ ስወጣ ትገባለች። የምንገናኘው ደረጃው ላይ የሆነበት ሳምንት አለ። እሷ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች፣ «ወጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው» ትለኛለች፣ «እሺ» እላታለሁ፣ ትዳራችን ለዚያ ቀን አበቃ ማለት ነው። ታዲያ ክሊኒኩ አንድ ቃል ገባላት። በሆስፒታል አስተዳደር የርቀት ማስተርስ ከተቀበሏት ወደ ቢሮ ትዛወራለች፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ጠዋት ወጥታ ማታ መግባት ነው። ለመግባት ግን ፈተና አለ። አንድ ጊዜ ወድቃበታለች። የቀራት አንድ ዕድል ነበር።

የጣላት የአሃዝና የቦታ ዋጋ ጥያቄ ነው፣ ያውም «መረጃው ይበቃል ወይ» የሚለው ዓይነት። ለማታውቁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ያልታወቀ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ከሥሩ ስለ ቁጥሩ ሁለት መረጃ አለ። ቁጥሩን ፈልጉ አይላችሁም። ቁጥሩን ለማወቅ አንደኛው መረጃ ብቻውን ይበቃል? ሁለተኛው ብቻውን ይበቃል? ሁለቱ ተደምረው ይበቃሉ? እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይበቃሉ? ወይስ ተደምረውም አይበቁም? ይኸው ነው። ከአምስቱ ምርጫ የአንዱን ፊደል ጽፋችሁ፣ ይበቃል ወይም አይበቃም ብላችሁ ማለፍ ነው።

እስቲ ፍረዱኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት «አሠራሩን አሳይ» እያለ ቀይ ብዕር ሲያወጣ የኖረ ሰው ይህን እንዴት ይቀበለዋል? መልሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ እየታየ፣ እጅ ሳይነሱት ማለፍ ነውር አይደለም?

መጀመሪያ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሳሎናችን ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ፤ ፊት ለፊት ተቀመጥን። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ከአንድ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ላይ፣ አሃዞቹ ተገላብጠው የሚገኘው ቁጥር ሲቀነስ 63 ይቀራል፣ ይህ ቁጥሩን ለማወቅ ይበቃል ወይ የሚል ነበር።

«አይበቃም» አለች አስቴር።

«ቆይ እንጂ» አልኳት። «የአስር ቤቱን ኤክስ እንበለው፣ የአንድ ቤቱን ዋይ…»

«አይበቃም አልኩህ እኮ። ከአንድ በላይ ቁጥር ይወጣዋል።»

«ስንት ቁጥር?»

«ምን አገባኝ?»

ምን አገባኝ ማለት ለሒሳብ መምህር የሚባል ነው? ብዕሬን አንስቼ አንድ ገጽ ሙሉ አሰላሁና 81 እና 92 መሆናቸውን አሳየኋት። አስቴር ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «ሰባስ?» አለች።

«የምን ሰባ?»

«ሰባ ሲገለበጥ ዜሮ ሰባት ነው። ሰባት ማለት ነው። ከሰባ ላይ ሰባት ሲቀነስ ስልሳ ሦስት።»

ከዚያ፣ መቼም አፍ ለክፉ ቀን ነው የተሰጠን፣ ዜሮን ከፊት አስቀድሞ የሚጽፍ ሰው የትም እንደሌለ ማስረዳት ጀመርኩ። ድምፄ ትንሽ ከፍ አለ። ትንሽ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከታች ያለው የልብስ ንጽሕና ቤት ሰራተኛ ወጥቶ ሽቅብ አየ። አስቴር ደብተሯን ዘጋች። «መምህር» አለችኝ። ስትናደድ ነው መምህር የምትለኝ። «አንተ ጥያቄውን አትመልስም። ጥያቄውን ታሳድደዋለህ።» እኔም በዚያው ከሥራዬ ተባረርኩ።

በሚቀጥለው አርብ አል መዝሩዒያ ሰፈር ለጸሎት ከምንሰባሰብበት ቤት ስንወጣ አንዲት እህት ለአስቴር፣ «ወንድም ብሩክ እኮ ያንን ፈተና የወሰደ ሰው ነው፣ ለምን አያስጠናሽም?» አለቻት። ብሩክ በአንድ የመኪና ኪራይ ቢሮ የሚሠራ የሃያ ስምንት ዓመት ላጤ ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲጸልይ ድምፁ ደረትን የሚነካ፣ የዑድ ሽቶ የሚሸት። እኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የምሸተውም የመጋዘን ካርቶን ነው። ከዚህ በላይ ላብራራ?

የኅብረታችን መሪ ነገሩን ሰምተው አንድ ሥርዓት አበጁ። ባለትዳር ሴትና ላጤ ወንድ ብቻቸውን መቀመጥ አይገባም፣ ስለዚህ ጥናቱ በቤታችን ይሁን፣ ባልም እቤት ይኑር። ሥርዓቱ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ወንበሩ ሁለት ነው። በዚያ ሥርዓት መሠረት ብሩክ በእኔ ወንበር ተቀመጠ፣ እኔ ደግሞ ሻይ አፈላሁ።

ከወጥ ቤቱ በር የሚታየኝ የብሩክ ጀርባ ነው። አስቴር ጥያቄውን ታነባለች፣ ታስባለች፣ «ሁለቱ ተደምረው ይበቃሉ» ትላለች። ብሩክ አንገቱን ደፋ ያደርጋል። የሚጸልይ ይመስላል። ቀና ይልና በዚያ ድምፁ፣ «ትክክል» ይላል። ወይም «አይደለም፣ አንደኛው ብቻ ይበቃል፤ እስቲ እንደገና እይው» ይላል። በቃ። ብዕር የለ፣ ወረቀት የለ፣ ኤክስ የለ፣ ዋይ የለ። አስቴር ደግማ ታያለች፣ ስህተቷን ራሷ ታገኛለች፣ ፊቷ ይበራል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እኔ አንድ ገጽ የሚፈጅብኝን እሱ አንገቱን ደፍቶ ይጨርሰዋል።

ቀናሁ። በሚስቴ ብቻ ብቀና ወግ ነው፣ ሁሉም ባል ያደርገዋል። እኔ ግን በሚስቴም፣ በወንበሬም፣ በጭንቅላቱም ነው የቀናሁት፤ የትኛው እንደሚብስ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። ለሻዩ ስኳር ስጨምርለት እጄ ይከብዳል። አንድ ቀን ሆን ብዬ አራት ማንኪያ ጨመርኩበት። «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» ብሎ ጠጣው። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ምን ያህል ድካም እንዳለው ገምቱ።

አስቴር ደግሞ ነገሩን አባባሰችው። «ብሩክ እኮ ሲያስረዳ አይጮህም» አለችኝ ደረጃው ላይ ስንተላለፍ።

«አያስረዳም እኮ» አልኳት።

«እሱ ነው ደስ የሚለው» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስለዚህ ብሩክን በራሱ ሜዳ ልገጥመው ወሰንኩ። ብሩክ የጥያቄዎቹን ወረቀቶች በላስቲክ ማቀፊያ አድርጎ ማቀዝቀዣችን ላይ ነበር ትቶ የሚሄደው፣ አስቴር እንዳትነካቸው አደራ ብሎ። አስቴር አደራ ካሏት አትነካም። እኔን ግን አደራ ያለኝ የለም። ስከፍተው ስልሳ ጥያቄዎች አገኘሁ። ከኋላ ደግሞ ሁለት ገጽ፣ ከአንድ እስከ ስልሳ ቁጥር፣ ከየቁጥሩ ፊት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በንጹሕ ሰንጠረዥ ተደርድሮ። ምን አልኩ መሰላችሁ? ይህ ሰው ስልሳውንም ቀድሞ ፈትቶ፣ በኮምፒውተር ጽፎ፣ በሰንጠረዥ አስቀምጦታል አልኩ። ቅናቴ በዚያች ቅጽበት እጥፍ ሆነ። የእኔን መልስ ከእሱ ጋር ላስተያይ ብዬ ጥያቄዎቹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ሁለቱን ገጾች ኪሴ ከተትኳቸው። ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ነው።

መጋዘን ውስጥ በምሳ ሰዓት ጀመርኩ። ወረቀት ላይ ብሠራ ሰው ይጠይቀኛል። ስለዚህ በዕቃ መጻፊያው ቀይ ማርከር ካርቶን ላይ መሥራት ጀመርኩ፣ አጠገቤ በፓሌት፣ በእንጨት መደብ ላይ፣ ከተቆለሉት የመጸዳጃ መቀመጫ ካርቶኖች ላይ። ያቺን የ63 ጥያቄም እልህ ይዞኝ ደገምኳት። አንደኛው ፓሌት ላይ 81፣ ሌላኛው ፓሌት ላይ 92 ብዬ በትልቁ ጻፍኩና አከበብኩት። ሰባን አልጻፍኩም። በሰባ ጉዳይ አልሸነፍም።

እዚህ ላይ ስለ ካሪም ልንገራችሁ። ካሪም ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳ ፓኪስታናዊ ነው። እኔና እሱ የምንጋራው አረብኛ ከመቶ ቃል አይበልጥም፣ ስለዚህ በቁጥር ነው የምንግባባው። መደርደሪያዎቻችን ሁሉ ባለ ሁለት አሃዝ ናቸው። የአስር ቤቱ ረድፉን፣ የአንድ ቤቱ ስንተኛ እርከን እንደሆነ ይናገራል፤ ዜሮ ከሆነ መሬት ላይ ነው። አንድ ፓሌት እንዲነሳ ስፈልግ በቀይ ማርከር ቁጥር ጽፌ አከብበታለሁ፣ ካሪምም ያለ አንድ ቃል ወስዶ ያስቀምጠዋል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም፣ ያን ቀንም አልተሳሳተም።

እጄን ታጥቤ ስመለስ የመጸዳጃ መቀመጫዎቹ የሉም። አንደኛው ፓሌት ስምንተኛ ረድፍ አንደኛ እርከን ወጥቷል። ሁለተኛው ዘጠነኛ ረድፍ ሁለተኛ እርከን ሄዷል፣ የመታጠቢያ ቤት መስታወቶቹ ቦታ ላይ። መስታወቶቹስ? ቦታ ሲያጡ ካሪም ግቢ ውስጥ አውጥቶ ደርድሯቸዋል፣ በደማም የቀትር ፀሐይ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙሮ። የበሩ ጠባቂ ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይጮሃል። ሥራ አስኪያጃችን አቡ ናስር በራስ ጨርቁ በሽማጉ ፊቱን ጋርዶ መጣ።

«ኢሽ ሃዳ?» አለኝ። ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«ማፊ ሙሽኪላ» አልኩ፤ ችግር የለም ማለቴ ነው።

«ፊ ሙሽኪላ» አለኝ፣ አለ እንጂ ማለቱ ነው፣ በመስታወቱ ጨረር በጠበበ ዓይኑ እያየኝ። ቁጥሮቹን ለምን እንደጻፍኩ ጠየቀኝ። በአረብኛ «የሚስቴ አስተማሪ ብዕር ስለማይዝ ነው» ለማለት የሚበቃ ቃል አልነበረኝም። ቢኖረኝም አልለውም። እስከ ማምሻው ድረስ ከካሪም ጋር ሁሉንም ወደ ቦታው መለስን። ሰባን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ ፓሌት ይጨመር ነበር፤ ዜሮን አለመቀበሌ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የብሩክን ሁለት ገጾች ፈለግኳቸው። አቡ ናስር ሲመጣ ደንግጬ ውጪ ከሚጫን አንድ ፓሌት ላይ አስቀምጫቸው ነበር። ፓሌቱ የለም። ካሪምን ጠየቅኩት። በኩራት ነው የመለሰልኝ፤ ቁጥርና ፊደል በሰንጠረዥ የተደረደረበት ወረቀት ሲያይ የዕቃው ዝርዝር ነው ብሎ፣ በላስቲክ ኪስ ከቶ፣ ፓሌቱ ላይ ለጥፎ፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ጭኖታል። መኪናው ወደ አል-አሕሳ ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፎታል።

በማግስቱ የጥናት ቀን ነበር። ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። እኔ ሻይ ጣድኩ። አስቴር አነበበች፣ አሰበች፣ «አንደኛው ብቻ ይበቃል» አለች። ብሩክ አንገቱን ደፋ። አንገቱን እንደደፋ ቆየ። ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ። እንደገና ሲገላበጥ ሰማሁ።

«አይደለም» አለ በመጨረሻ። ያ ደረት የሚነካው ድምፅ ቀጥኗል።

አስቴር ሁለተኛውን መለሰች። «አይደለም።» ሦስተኛውን። «ትክክል… አይደለም፣ ቆይ፣ አይደለም።» የብሩክ አንገት ላይ ላብ ሲወርድ ከኋላ ታየኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እንዲያውም በስኳሩ እጄ ላላ። ሰውየው ተሰበረ፣ ከሰማይ ወረደ፣ እንደ እኛው ሰው ሆነ እያልኩ ትሪውን ይዤ ስገባ የአስቴርን ፊት አየሁ።

አስቴርን ስትናደድ አይቻታለሁ፣ ሲደክማትም አይቻታለሁ። እንዲህ ሆና ግን አላየኋትም ነበር። ከአሥራ ሁለት ጥያቄ አሥራ አንዱን ተሳስተሻል ተብላለች። ደብተሯን ቀስ ብላ ዘጋችና፣ «እኔ መቼም አይገባኝም። ልተወው» አለች። ለብሩክም አይደለም፣ ለእኔም አይደለም፣ ለደብተሩ ነው የነገረችው። ከዚያ ተነስታ የሥራ ልብሷን ልትለብስ ገባች። ትሪው እጄ ላይ ከበደኝ።

ብሩክን ደረጃው ላይ ተከትዬው ወረድኩ። «ዛሬ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

ሁለት ደረጃ ወርዶ ተቀመጠ፣ በዚያ የተተኮሰ ሱሪው። «ጋሼ፣ መልሱ ጠፋብኝ» አለ።

«የምን መልስ?»

«ከጥያቄው ጋር የመጣው የመልስ ወረቀት። ከኋላ ነበር። ጭኔ ላይ አድርጌ እሱን እያየሁ ነበር የምነግራት።»

«ታዲያ አንተ ፈተናውን ወስደህ የለም እንዴ?» አልኩት።

«ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ» አለ ብሩክ። «ሁለቱንም ወድቄአለሁ። ሰው ወስዷል ሲል እኔ አልፌአለሁ አላልኩም፣ የጠየቀኝም የለም። እህት አስቴር ግን የሚያስፈልጋት ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አይደለም፣ ዝም ብሎ የሚጠብቃት ሰው ነው። መልሱን እያየሁ መጠበቅ አላቃተኝም። አሁን ወረቀቱን የሰጠኝ ልጅ በኹሩጅ፣ ላይመለስ በመውጫ ቪዛ፣ ሀገር ቤት ገብቷል፣ ስልኩም አይሠራም።»

እንግዲህ አስቡት። ብዕር አይዝም፣ ተሳስቶም አያውቅም፤ ከእነዚህ ከሁለት መረጃዎች ተነስቼ ሊቅ ነው ብዬ ደምድሜ፣ ወር ሙሉ በአንድ ወረቀት ስቀና ኖሬአለሁ። አሁን ግን ብሩክ እጄ ላይ ወደቀ። ወደ ላይ ወጥቼ ሁሉንም ለአስቴር መናገር እችል ነበር። ስናገር ግን ወረቀቱን ማን ወሰደው የሚለው ይመጣል። ቀጥሎ መጸዳጃው፣ ቀጥሎ መስታወቱ፣ ቀጥሎ ቅናቴ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ብሩክ ከሄደ የሚያስተምራት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እጮሃለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

«ወረቀቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ሦስት ቀን ስጠኝ፣ እመልስልሃለሁ።»

ብሩክ ቀና ብሎ አየኝ። «ከየት ያመጡታል?»

«ከራሴ።»

ሦስት የምሳ ሰዓት፣ ከሥራ በኋላም መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ስልሳውንም ፈታሁ። በወረቀት ላይ፤ ካሪም አጠገብ ማርከር መያዝ ትቻለሁ። ልቤ እስከ መጨረሻው አስላ አስላ ይለኛል። አሰላሁም። መልሱን ግን በአንድ ፊደል ብቻ እየጻፍኩ በሰንጠረዥ ደረደርኩትና ለብሩክ ሰጠሁት። ብሩክም ለአስቴር ያለፈው ጊዜ የተሳሳተው እሱ እንደነበር፣ እሷ ግን ደህና እንደሠራች ነገራት። ለማሳመን ተንበርክኮ ለመናት ማለት ይቻላል። እሷም፣ «እሺ፣ አንድ ጊዜ ልሞክር» አለች።

ሻይ ጣድኩ። አስቴር መለሰች፣ ብሩክ አንገቱን ደፋ፣ «ትክክል» አለ። የእኔን መልስ ነው በዚያ ድምፁ የሚናገረው። ጣፋጭ ሆኖ ይሰማል፤ እኔ ስናገረው ለምን እንዲያ እንደማይሆን እግዚአብሔር ይወቀው። አስቴር ቀስ በቀስ ቀና አለች። ድምፅዋ ተመለሰ። «ብሩክ፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» አለችው። እኔ ኩባያ እየጠረግኩ ነበር። በራሴ መልስ፣ በራሴ ቤት፣ በሌላ ሰው ስም ተመሰገንኩ። በራሱ ላይ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አርባ ሦስተኛው ላይ ደረሱ። «ሁለቱ ተደምረው» አለች አስቴር።

«አይደለም» አለ ብሩክ። «አንደኛው ብቻ ይበቃል ይላል።»

«ዜሮስ?» አለች። ብሩክ አንገቱን ደፍቶ ጭኑን አየ። «ይላል? ማን ነው የሚለው?» አለችው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብላ ሻይ ጠየቀችኝ። ይዤ ስገባ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ፀጉሬን ልታስቆርጠኝ ፈልጋ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከፈተናው አንድ ቀን በፊት ካሪም አንድ ፖስታ ይዞ ቢሮዬ ገባ። የአል-አሕሳው ደንበኛ የጥያቄዎቹን መልስ ተረክቧል። ሁለቱም ገጽ ላይ ፈርሟል፣ ሰማያዊ ማኅተም መትቷል፣ «ዕቃው ተሟልቶ ደርሷል» ብሎም ጽፎበታል። እየሳቅኩ ከራሴ ሰንጠረዥ ጋር አስተያየሁት። አንድ፣ ልክ። ሁለት፣ ልክ። እስከ አርባ ሁለት ልክ። አርባ ሦስት ላይ ሳቄ ቆመ።

ጥያቄው ይህ ነበር፤ ከአንድ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ላይ ተገላቢጦሹ ሲቀነስ 72 ይቀራል፣ ሁለተኛው መረጃ ደግሞ ቁጥሩ ጎዶሎ ነው ይላል። እኔ አስልቼ 91 ብቻ አገኘሁና አንደኛው ብቻውን ይበቃል አልኩ። ሰማንያን ረሳሁት። ከሰማንያ ላይ ዜሮ ስምንት ሲቀነስ ሰባ ሁለት ነው። ሁለት ቁጥር ስላለ አንደኛው መረጃ አይበቃም፣ ጎዶሎ የሚለው ተጨምሮ ነው የሚበቃው። የሚያስቀው ቁጥሩ ራሱ በእርግጥ 91 ነው። ቁጥሩን በትክክል አግኝቼ ጥያቄውን ወድቄአለሁ።

አስቴር ልክ ነበረች። ልክ የነበረችውን ተሳስተሻል አስብያታለሁ፣ ነገ ደግሞ ፈተና ነው።

ጠዋት ወደ ፈተናው ስወስዳት በኹበር መንገድ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ። «አስቴር» አልኳት። «ቁጥር አርባ ሦስትን ታስታውሺያለሽ? አንቺ ልክ ነበርሽ። ስህተቱ የብሩክ አይደለም። መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገርኳት፣ ማቀዝቀዣውን፣ መጸዳጃውን፣ መስታወቱን፣ ማኅተሙን። ቀንቼ ነው ብዬም ነገርኳት፤ ይህን ያልኩት መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ነው፣ ፊቷን ላለማየት።

«አውቃለሁ» አለች።

«የቱን?»

«መልሱ የአንተ መሆኑን። ዜሮን የሚረሳ የሒሳብ መምህር አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ያን ቀን ብሩክን ጠየቅኩት፣ ነገረኝ። ለአንተ እንዳይነግርህ ለመንኩት።»

«ለምን?»

አስቴር ቦርሳዋን እያስተካከለች በመስኮቱ ወደ ውጪ አየች። «ስልሳ ጥያቄ ፈትተህ፣ መልሱን አፍህ ውስጥ ይዘህ፣ ሻይ እያመጣህ ዝም ያልከው በሕይወትህ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሱን እያየሁ ማጥናት ደስ አለኝ። ብነግርህ እንዳትመጣና ማስላት እንዳትጀምር ፈራሁ» አለች።

የፈተና ጣቢያው በር ላይ አወረድኳት። ለሦስት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ፤ ውጤቱ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚወጣው። ስትወጣ ከሩቅ ፊቷን አይቼ ለማወቅ ሞከርኩ፤ አልበቃኝም። መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው፣ «አለፍኩ» ያለችው። ከዚያ አለቀሰች። እኔም ከሷ በፊት ጀምሬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብሩክ ደስታውን ሊገልጽ እኛ ቤት መጣ። ወንበሩ ያው ሁለት ነው። አስቴር በአንዱ ተቀመጠችና ሌላውን ወደ እኔ ገፋችው። «መምህር፣ ተቀመጥ» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትናደድ ነው መምህር ያለችኝ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጠዋት አብረን እንወጣለን፣ ማታ አብረን እንገባለን፣ ደረጃው ላይ አንተላለፍም እያለች ታወራኛለች። እኔ እሰማለሁ። ብሩክ እጅጌውን ሰብስቦ ወጥ ቤት ገባ፣ ጣደ፣ አፈላ፣ ትሪውን ይዞ መጣ። አስቴር አንድ ጊዜ ፉት አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ብሩክ» አለችው፣ «ይህን ሻይ ምን አድርገህ ነው?»

እኔም ቀመስኩት። ከእኔ ይሻላል። ኩባያውን አስቀመጥኩና እንደገና ቀናሁ።